ዓይን የሳተው ቀይ ብርሃን፦ የኔቡላ ፎቶግራፍ ታሪክ፣ ከጋይንት ሰማይ ሥር

የገና ሌሊት በጋይንቷ ቤተ ልሔም ሊቃውንቱ ለማኅሌት ቆመው ሳለ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከአናት ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ከፍታው ላይ ይደርሳል። ሦስቱን የመታጠቂያ ከዋክብት ጋይንትም ስማዳም እስቴም ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ እንደ ጎራዴ ከተንጠለጠሉት ጥቃቅን ከዋክብት መካከል አንዱ ግን አጥርተው ሲያዩት ኮከብ አይመስልም፤ ዳር ዳሩ የደበዘዘ ነው። እሱ የኦሪዮን ኔቡላ ነው፤ ከ1,300 ብርሃን ዓመት በላይ ርቆ የተንጣለለ፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና።

ዓይን ይህን ደመና ግራጫ አድርጎ ያያል። በእጅ ስልካችን የምናያቸው ሥዕሎች ደግሞ ቀይና ሐምራዊ አድርገው ያሳዩታል። የቱ ነው እውነቱ? ቀዩ እውነት ነው። የደመናው አብዛኛው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፤ ሃይድሮጅን ሲግል ከሚለቃቸው ብርሃኖች ጎልቶ የሚወጣው በ656.3 ናኖ ሜትር ላይ ያለው ጥልቅ ቀይ ነው። የሰው ልጅ ይህን ቀይ ሦስት ጊዜ ስቶታል፤ መጀመሪያ በዓይኑ፣ ቀጥሎ በፎቶግራፍ መስታወቱ፣ በመጨረሻም ፋብሪካ በሠራው ዲጂታል ካሜራ። ኔቡላን ፎቶ የማንሣት ታሪክ ያንን ያመለጠ ብርሃን መልሶ የመያዝ ታሪክ ነው። ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1771፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ጎንደር

የእኛ ሊቃውንት ሰማይን በቁጥር ነው የያዙት። በእስክንድርያው ድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ባሕረ ሐሳብ አበቅቴንና መጥቅዕን እያወጣ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን ይነግራል። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ የፀሐይና የጨረቃን ጉዞ፣ የሚወጡባቸውንና የሚገቡባቸውን በሮች ይተርካል። አቡሻህር የተባለውን የዘመን ቀመር መጽሐፍ ያጠና ደብተራ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ እያለ የዓመቱን መናዝል ይቆጥር ነበር። ይህ ሁሉ ሄዶ የሚመለስን ነገር የሚሻ ዕውቀት ነው። ከቦታው የማይነቃነቅ የደበዘዘ ነጥብ ለጾም ማውጫም ለዘመን መለወጫም አይረዳም፤ ስለዚህም ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ሌላውም ዓለም ከዚህ ብዙ አልራቀም ነበር። የፋርሱ አስትሮኖመር አል ሱፊ በ964 በጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ አንድሮሜዳ ላይ ያለችውን «ትንሽ ደመና» ጠቅሷል። የኦሪዮንን ኔቡላ በቴሌስኮፕ አይቶ የመዘገበው ፈረንሳዊው ፔረስክ ሲሆን ዘመኑም 1610 ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው አንድ ግጥምጥሞሽ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገባ የማዕዘን መለኪያና ቴሌስኮፖች ይዞ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ ጥላ ሥር ቁስቋም ተቀምጦ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለካ፣ የጁፒተርን ጨረቃዎች እየጠበቀ የአገሩን አቀማመጥ ያሰላ ነበር። እሱ ገና አገራችን ሳለ በየካቲት 1771 ሻርል ሜሲዬ 45 የሰማይ ነገሮችን የያዘ ዝርዝር ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። የኦሪዮን ኔቡላ በዝርዝሩ 42ኛ ነው፤ ዛሬም ኤም 42 ይባላል። ሜሲዬ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ኔቡላ ወዶ አልነበረም። ጅራታም ኮከብ አዳኞች እነዚህን ደመናዎች ጅራታም ኮከብ እየመሰሏቸው እንዳይሳሳቱ ነው። ብሩስም የዓባይን ምንጭ እንጂ ሰማይን ፍለጋ አልመጣም፤ ሰማዩ ለእሱ የምድር መለኪያ ነበር። ሁለቱም ደመናውን ትተውት ወደ ሌላ ጉዳያቸው አለፉ። ብሩስ ግን ወደ አውሮፓ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂዎች ይዞ ሄዷል።

1838–1868፦ መስታወቱ ቶሎ ይደርቃል

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1838 ኢትዮጵያ ገብቶ ለአሥር ዓመት ያህል ተራራ ለተራራ እየዞረ አገሩን ለካ። ኋላ በስፔን ድንበር አጠገብ፣ አንዳይ ላይ ባሠራው ግንብ ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ ተከለ፤ ግድግዳውንም በኢትዮጵያ ሥዕሎችና በአማርኛ ጽሑፍ አስጌጠው። እሱ ኢትዮጵያ በገባ በዓመቱ፣ በ1839፣ ዳጌር ብርሃንን በብር በተለበጠ ሳህን ላይ የሚያስቀርበት ዘዴ ፓሪስ ላይ ይፋ ሆነ።

ፎቶግራፍ ወደ እኛ ምድር በጉልህ የመጣው ከጦር ጋር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጋፋት አስነሥተው፣ ሕዝብና ሠራዊት እየጎተተው፣ መንገድ እያስጠረጉ በደጋው በኩል ወደ መቅደላ ሲገሰግሱ፣ ከቀይ ባሕር በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር የኢንጂነር ክፍሉን ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። የተራሮቹንና የመቅደላን ምስል ያስቀሩልን እነሱ ናቸው።

እነዚያ ሰዎች መቅደላ አፋፍ ላይ ቆመው ካሜራቸውን በሌሊት ወደ ኦሪዮን ቢያዞሩ ኖሮ ምንም ባልያዙ ነበር። ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የዘዴው ነው። በጊዜው የሚሠራበት ኮሎድዮን መስታወቱ ላይ ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ገብቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት፤ ለዚህ ነው ጨለማ ድንኳንና ኬሚካል በበቅሎ የሚጭኑት። እርጥበቱ የሚቆየው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ተራራ በፀሐይ ብርሃን ለማንሣት ጥቂት ሰኮንድ ይበቃል። ኔቡላ ግን ብርሃኑን የሚሰጠው እየቆጠበ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይበቃውም።

ያም ሆኖ ትልቁ ጥያቄ የተፈታው በዚሁ ዘመን ነው። በነሐሴ 1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሀጊንስ በድራኮ ስብስብ ውስጥ ያለ አንድ ኔቡላ ላይ ቴሌስኮፑን አነጣጥሮ ብርሃኑን በፕሪዝም ሲበትነው፣ እንደ ከዋክብት የተያያዘ ቀስተ ደመና ሳይሆን ጥቂት ነጠላ መስመሮች ብቻ አገኘ። እንዲህ ያለ ብርሃን የሚሰጠው የጋለ ጋዝ ነው። ከመስመሮቹ ጎልቶ የሚታየው አረንጓዴ ግን ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ሁሉ ጋር አልገጠመም። «ኔቡልየም» የሚል ስም ተሰጠውና እንቆቅልሹ ለስድሳ ዓመት ያህል ቆየ።

1880–1895፦ የፎቶ ቤቱ ልጅ

በሩን የከፈተው ደረቁ መስታወት ነው። በ1870ዎቹ ብርሃን የሚይዘው ኬሚካል ከጄላቲን ጋር ተዋሕዶ በመስታወት ላይ እንዲደርቅ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስታወት ለሰዓታት ብርሃን ሊጠራቀምበት ተቻለ። መስከረም 30 ቀን 1880 አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ድሬፐር ኒው ዮርክ አቅራቢያ ካለው የግል መመልከቻው የኦሪዮንን ኔቡላ ለ51 ደቂቃ አነሣው፤ በታሪክ የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶግራፍ ነው። ድሬፐር ሥራውን እያሻሻለ ሳለ በ1882 በ45 ዓመቱ ሞተ። በማግስቱ ዓመት፣ በጥር 1883፣ ለንደን ዳርቻ የሚኖረው አንድሩ ኮመን በ37 ደቂቃ ውስጥ ያነሣው ፎቶ በዚያው ቴሌስኮፕ በዓይን የማይታዩ ከዋክብትን አሳየ። ለእኔ የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ፎቶግራፍ ዓይን ያየውን የሚመሰክር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓይን ስለማያየው የሚናገር ሆነ። ዓይን የሰኮንድ ቅንጣት ያህል ብቻ ብርሃን አጠራቅሞ እንደገና ከባዶ ይጀምራል፤ መስታወቱ ግን የተቀበለውን ሁሉ ያስቀምጣል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። በ1888 ሃርቫርድ የምትሠራው ዊልያሚና ፍሌሚንግ ከመታጠቂያው ከዋክብት ሥር በተነሣ መስታወት ላይ የፈረስ ራስ የመሰለውን ጥቁር ደመና አገኘች። አይዛክ ሮበርትስ በዚያው ዘመን የአንድሮሜዳን ጥምዝ ቅርጽ አሳየ።

ዛሬ በካሜራና በዙም ሌንስ ሰማይን የሚያነሣ ሰው ቀጥተኛ አባቱ ግን ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ነው። በ1857 ናሽቪል ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ ትምህርት ቤት እምብዛም አልዋለም። ገና በልጅነቱ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ምን ነበር? ጣሪያ ላይ የቆመ፣ በፀሐይ ብርሃን ምስል የሚያሳድግ ትልቅ መሣሪያ ነበር፤ ፀሐይ ስትንቀሳቀስ መሣሪያው እንዳይስታት መዘውሩን ቀስ እያለ እያዞረ ቀኑን ሙሉ መከተል የልጁ ድርሻ ሆነ። የሰማይን አካሄድ በእጁ የተማረው እዚያ ነው። ካሊፎርንያ ሊክ መመልከቻ ከገባ በኋላ በ1889 ፍኖተ ሐሊብን ለማንሣት የመረጠው መሣሪያ ግዙፉ የመመልከቻው ቴሌስኮፕ አልነበረም። የሰው ፎቶ የሚነሣበት፣ ስፋቱ 6 ኢንች የሆነ የስቱዲዮ ሌንስ ነበር። ትልቁ ቴሌስኮፕ የሰማይን ጠባብ ቁራጭ ያሳያል፤ የሰው ፎቶ ሌንስ ግን ሰፊውን ደመና ከእነ አካባቢው ያነሣል። በ1894 ደግሞ ከምስል ማሳያ ፋኖስ የወጣች ስፋቷ 1 ኢንች ተኩል የሆነች ሌንስ ወደ ኦሪዮን አዙሮ፣ ስብስቡን ግማሹን የከበበ ግዙፍ ቅስት አነሣ። ዊልያም ፒከሪንግ ከአምስት ዓመት በፊት በፎቶ አግኝቶት ነበር፤ ስሙ ግን የባርናርድ ቅስት ሆኖ ቀረ።

የዚያን ዘመን መስታወቶች አንድ ጉድለት ነበረባቸው። የሚነካቸው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ብቻ ነው። የሃይድሮጅን ቀይ ከነጭራሹ አይታያቸውም። ባርናርድ የያዘው የቅስቱን ደካማ ሰማያዊ ድርሻ ነበር፤ ዋናው ብርሃን አመለጠው።

1927–1959፦ ቀዩ ሲያዝ

በ1927 አይራ ቦወን የኔቡልየምን እንቆቅልሽ ፈታው። አዲስ ንጥረ ነገር አልነበረም፤ ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ ኦክስጅን ነው። ያንን አረንጓዴ ሊሰጥ የሚችለው እጅግ ስስ በሆነ ጋዝ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ምድር ላይ አልታወቀም ነበር።

የፊልም ፋብሪካዎችም ለቀይ የሚነቃ መስታወት ሠሩ። ከ1949 እስከ 1958 ካሊፎርንያ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለው ሰፊ ካሜራ ሰማዩን ቦታ በቦታ ሁለት ሁለት ጊዜ አነሣው፤ አንዱን ለሰማያዊ፣ አንዱን ለቀይ በሚነቃ መስታወት። ከጋይንት ደጅ በሌሊት ከአናት በላይ የሚያልፈው ሰማይ በሙሉ እዚያ ላይ አለ። ስቱዋርት ሻርፕለስ ቀዮቹን መስታወቶች አገላብጦ በ1959 የ313 የሃይድሮጅን ደመናዎች ዝርዝር አሳተመ። ባዶ ይመስል የነበረው የከዋክብት መካከል በደመና የተሞላ ሆኖ ተገኘ።

ከ1957 እስከ 1970ዎቹ፦ ደብረ ዘይት ላይ የቆመው ካሜራ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በ1957 ነው። የመሬትን መግነጢስና መንቀጥቀጥ እንዲከታተል ያደራጁት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈጥሮን በመሣሪያ ቀን ከሌት የመመዝገብ ልማድ እዚያ ሥር ያዘ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከዚያ የቀጠለው ነው። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ካመጠቀች ወዲህ የአሜሪካው ስሚዝሶንያን ተቋም ሳተላይቶችን የሚከታተሉ ቤከር–ነን የተባሉ 12 ካሜራዎች በዓለም ዙሪያ ተክሎ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ አንዱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ቆመ። ካሜራ ይባል እንጂ በቶን የሚመዘን ብረት ነው፤ ብርሃን መቀበያው ግማሽ ሜትር ይሰፋል፤ አንዱ ምስሉ ከአድማስ እስከ አናት ያለውን ርቀት ሢሶ የሚሸፍን ቀጭን የሰማይ ሰቅ ይይዛል። የሚፈልገው በከዋክብት መካከል የምትሮጥ ነጥብ ነው፤ ከዋክብቱ የሳተላይቷ ቦታ መለኪያ ነበሩ። ብሩስ ሰማይን ለመሬት መለኪያ እንዳደረገው፣ ይህም ለጠፈር ፖለቲካ መለኪያ አደረገው። የእኛን ሰማይ ሌሊት ከሌሊት ያነሣው ያ ድንቅ መሣሪያ ሥራው ሲያበቃ ለአገር ልጅ የሰማይ ፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ሳይሆን መቅረቱ ያሳዝነኛል።

1969–2015፦ ቀዩ እንደገና ይጠፋል

በ1969 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ቦይልና ስሚዝ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሲሲዲ የተባለ ቺፕ ፈጠሩ። ጥሩ መስታወት ከሚደርስበት ብርሃን ጥቂት ከመቶ ብቻ ሲይዝ፣ ቺፑ አብዛኛውን ይይዛል። በ2000ዎቹ ዲጂታል ካሜራ ዋጋው ወርዶ ሠርግ አንሺውም ጋዜጠኛውም እጅ ገባ።

ሰማዩን ያነሡበት ሰዎች ግን አንድ ነገር ገረማቸው። የኦሪዮን ኔቡላ ፈዝዞ፣ ወደ ሮዝ ያደላ ሆኖ ወጣ፤ የባርናርድ ቅስት ከነጭራሹ የለም። ምክንያቱ ከሴንሰሩ ፊት የተለጠፈች ስስ መስታወት ናት። ሴንሰር ዓይን የማያየውን ከቀይ በታች ያለውን ሙቀታማ ብርሃን ስለሚያይ የሰው ፊት መልኩ እንዳይበላሽ ፋብሪካው ያንን የሚያግድ ፊልተር ያስገባል። ፊልተሩ ግን ድንገት አያቆምም፤ ከዳሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ስለሚከለክል ከሃይድሮጅን ቀይ የሚያሳልፈው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ለሠርግ የተሠራው ካሜራ ኔቡላውን ለሦስተኛ ጊዜ ሰወረው።

መፍትሔው ካሜራውን መክፈት ነው። ከጀርባው ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑት ገመዶች ይነቀላሉ፤ ሴንሰሩ ተነሥቶ ያቺ መስታወት ትወጣለች። በቦታዋ ቀዩን አሳልፋ ሙቀታማውን ብርሃን የምታግድ ሌላ መስታወት ትገባለች፤ ውፍረቷ ካልተስተካከለ ካሜራው ከዚያ በኋላ በራሱ በትክክል ፎከስ አያደርግም። ፊልተሩን አውጥቶ ባዶ መተው ደግሞ ለሌንስ አይሆንም፤ ሙቀታማው ብርሃን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቦታ ስለማይሰበሰብ ከዋክብቱን ያሳብጣቸዋል። እንዲህ የተሻሻለ ካሜራ በቀን ሁሉን ነገር ቀላ አድርጎ ያነሣል። ፋብሪካዎቹም ፍላጎቱን አይተው ከምርታቸው አወጡ፦ ካኖን በ2005 20ዲኤን፣ በ2012 60ዲኤን፤ ኒኮን በ2015 ዲ810ኤን ለገበያ አቀረቡ።

ሌንሱም ከፎቶ ቤት የተገኘ ነው፤ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዙም። ምድር ስለምትዞር በ200 ሚሊ ሜትር ትራይፖድ ላይ ብቻ ያቆሙት ካሜራ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ሳይቆይ ከዋክብቱን ይጎትታል። ስለዚህ ካሜራው ከምድር ዙረት ጋር እኩል በምትዞር ትንሽ ሞተር ላይ ይቀመጣል፤ የባርናርድን መዘውር ሥራ ዛሬ የምትሠራው እሷ ናት። የየሁለት ደቂቃ ብዙ ፎቶ ይነሣና በኮምፒዩተር ይደራረባል። ዙም ሌንስ ወደ ሰማይ ሲቀና ቱቦው በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ሠላሳኛው ፎቶ ላይ ከዋክብቱ ሁሉ ደብዝዘው ይገኛሉ። ልምድ ያላቸው ቀለበቱን በፕላስተር ያስሩታል።

1996–2012 ዓ.ም.፦ እንጦጦ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው። በድርቅ ስሟ የሚነሣ አገር ስለ ጠፈር ምን አገባት የሚለውን ትችት ተቋቁሞ፣ በሼክ መሐመድ አል አሙዲ ገንዘብ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ፤ መመልከቻው በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። ግን ከሥሩ አዲስ አበባ በየዓመቱ መብራቷን ታሰፋለች። ለዚህም ነው የሰማይ ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን ወደ ላሊበላ ተራሮች ያነሡት።

2012 ዓ.ም. ብርቅ ዓመት ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጠቀች። በዚያው ሰሞን በዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት በኩል ኢትዮጵያ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» ብላ ሰየመች። ሰኔ 14፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆነች፤ የአገሩ ሰው ካሜራና ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣበት ቀን ነው።

ዛሬ፦ ከጉና እስከ ዓባይ ሸለቆ

ጋይንት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት የገባበት ምድር ነው፤ በሌሊት ሜዳ ላይ መሣሪያ ተክሎ መቆም ሰላምን ይጠይቃል። ሰላም ሲገኝ ግን ይህ አገር ለሥራው የተመቸ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ጉና ከአየሩ ቀላል የማይባለውን ክፍል ከሥሩ ያስቀረዋል፤ ከነፋስ መውጫና ከመካነ ኢየሱስ መብራት ፈቀቅ ያለ ሰው ፍኖተ ሐሊብን ከዳር እስከ ዳር ያያል።

ችግሩም የራሱ ነው። ሞተሯ እንድትሠራ ዘንጓ ወደ ሰሜን ኮከብ መቃናት አለበት፤ ኮከቡ ግን በዚህ ኬክሮስ ከአድማስ ከፍ የሚለው 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በስተሰሜን ገደል ወይም ጋራ ከጋረደ የለም። ከአፋፍ ላይ፣ ሰሜኑ ክፍት የሆነ ቦታ መምረጥ የግድ ነው። ደጋው ከመሸ በኋላ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ የሌንሱ ፎከስም ይሸሻል፤ በየሰዓቱ ማረም ያሻል።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የኦሪዮን ደመናዎች፣ የፈረስ ራሱ፣ የባርናርድ ቅስት የሚነሡት ያኔ ነው። ቅስቱ ሰፊ ስለሆነ ዙሙን ወደ 70 ሚሊ ሜትር መመለስ ይሻላል። በፍኖተ ሐሊብ መካከል ያሉት ታላላቅ ደመናዎች እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚሉት በሐምሌ ነው፤ ያኔ ደግሞ ክረምቱ ሰማዩን ይዘጋዋል። እነሱን የሚሻ ሰው በመጋቢትና በሚያዝያ ከንጋት በፊት ሊነሣላቸው ይገባል። በየካቲትና በመጋቢት እኩለ ሌሊት ደግሞ ከስማዳ አፋፍ ወደ ደቡብ ቢያዩ፣ ከበሽሎና ከዓባይ ሸለቆ በላይ 18 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከኦሪዮን ኔቡላ እጅግ የሚገዝፈው የካሪና ኔቡላ ይታያል። ድሬፐርም ኮመንም ከመመልከቻቸው ሊያዩት አይችሉም ነበር። ዝቅ ያለ በመሆኑ የበጋው አቧራና የሸለቆው ጭጋግ ያደበዝዘዋል፤ ነፋስ አቧራውን ጠርጎ በሄደበት ሌሊት፣ ፎቶውን በአጭር በአጭር አንሥቶ ብዙ መደራረብ ነው የሚያዋጣው።